የወኪሉ ወንበር

«ይቅርታ እመቤት፣ ከዕቃው ራቅ ይበሉ» አለ ዘበኛው።

ሊዮና ተንበርክካ፣ ጉንጯ መድረኩን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ጎንበስ ብላ፣ ራሷ በሠራችው ወንበር እግሮች መካከል አሻግራ እያየች ነበር። ቀና ብላ ሰውየውን አየችው። አጠር ያለ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ደረቱ ላይ «ራሞን» የሚል ስም የለጠፈ የፊሊፒንስ ሰው ነው።

«የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ፎቶዎ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፤ እዚያ ላይ ትንሽ ወፈር ብለዋል» አለ ራሞን። «ግን ከትናንት ጀምሮ የሙዚየሙ ንብረት ነው። ቁጥር ወጥቶለታል።»

«ይወዛወዛል።»

«ምኑ?»

«ወንበሩ ነዋ። የኋላ ግራ እግሩ ከመድረኩ ተነሥቷል። ሦስት ሚሊ ሜትር።»

ራሞን ወንበሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ከደረት ኪሱ ደብተር አውጥቶ «ከጠዋቱ 3፡20። ሠሪዋ ወንበሩ ይወዛወዛል አለች» ብሎ ጻፈ። በዘበኝነት ኖሮ አንድ የተማረው ነገር ቢኖር የሰማውን መጻፍ ነው፤ ያልጻፈ ዘበኛ ለሌላው ሁሉ ጥፋት ተጠያቂ ይሆናል። «ይኸው ጽፌዋለሁ። አሁን ራቅ ይበሉ።»

ሥራው ሦስት ዕቃ ነው፤ ጠረጴዛ፣ አጭር ወንበርና ሰፊ መቀመጫ። በካናዳ የነባር ሕዝቦች ድግስ በሕግ በተከለከለበት ዘመን የመንግሥት ወኪል የሚባል ሰው እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ኋላ ይቀመጥ ነበር፤ የመንደሩ አለቆች ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጭምብላቸውን፣ የመዳብ ጋሻቸውንና ሣጥናቸውን ማስረከባቸውን ይፈርሙ ነበር። ፈርሞ ያስረከበ አይታሰርም ተባለ። የሊዮና ቅድመ አያት ፈረመ፣ አስረከበ፣ ታሰረ፤ ሁለት ወር ሙሉ የእስር ቤቱን አሳማዎች ሲቀልብ ከረመ። ቤተሰቡ ይህን ታሪክ አሳማዎቹ ጋ ሲደርስ እየሳቀ ነው የሚያወራው። ሊዮና ጠረጴዛውን ከአንድ አሮጌ ፎቶ ለካችው፤ የቀለም ብልቃጡን መጠን ይዛ፣ ከእሱ ተነሥታ የቀረውን ሁሉ አሰላች። መሳቢያዎቹን ግን እንደ ወኪሉ አናጢ አልሠራቻቸውም። እያንዳንዱን ከአንድ የቀይ ዝግባ ጣውላ፣ ሦስት ቦታ ጎድጉዳ፣ በእንፋሎት አለስልሳ፣ አጥፋ፣ አራተኛውን ማእዘን በእንጨት ችንካር ዘጋችው፤ የመንደሯ ሣጥኖች ጥንትም እንዲህ ነበር የሚሠሩት። የወኪሉን ወንበር ሃያ ስምንት ሴንቲ ሜትር ብቻ አደረገችው፤ የተቀመጠበት ሰው ጉልበቱ ወደ ጆሮው ይወጣና አገጩ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። ፊት ለፊቱ ያለው የአለቃ መቀመጫ አራት ሰው ይይዛል፤ ጀርባው ላይ ባለ ሁለት ራስ እባብ ተቀርጿል። የሥራው ስም «እባክዎ ይቀመጡ» ነው። ሙዚየሙ ስሙን በነጭ ሰሌዳ ጽፎ፣ ከሥሩ በዚያው ዓይነትና መጠን ፊደል «እባክዎ አይቀመጡ» የሚል ጨምሮ፣ ዙሪያውን በገመድ አጠረው። ሊዮና መጀመሪያ ያየችው ቀን ሳቋ አላስቆም ብሏት ግድግዳውን ተደገፈች። ግድግዳውንም አይደገፉ አሏት።

ወንበሩ ለምን እንደተጣመመ ለማወቅ አልቸገራትም። የእሷ ሥራ ቤት ምሥራቅ ቫንኩቨር ውስጥ ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው ያልባል፣ እንጨቱም ያንን እርጥበት ለምዶታል። አዳራሹ ግን ቀንና ሌሊት በደረቅ አየር ይሞቃል። በዚያ ላይ ዕቃ አንሺዎቹ ለፎቶ እንዲያምር ብለው ወንበሩን ከመድረኩ የኋላ ጫፍ አንድ ጋት ላይ አስቀምጠውታል። የሚወዛወዝ ወንበር፣ ጫፍ ላይ። ሁለቱ ለየብቻ ምንም አይደሉም፤ አብረው ሲሆኑ ግን ሰው ይጥላሉ። በሃያ ሁለት ዓመት የአናጢነት ሥራዋ የሚወዛወዝ ዕቃ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም፤ የሰው ቤት ስትጋበዝ እንኳ የገበታውን እግር በጉልበቷ ሳትፈትሽ ሹካ አታነሣም። መኪናዋ ድረስ ሄዳ ከአንዲት ስባሪ ዝግባ ሽብልቅ ጠርባ፣ በመላጊያ አንድ ሁለቴ አስነክታ፣ ውፍረቷን ለክታ ተመለሰች። ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ወደ ጫፉ እየሳሳች የምትሄድ፣ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ።

ራሞን የዕቃ መዝገብ ክፍል ወደምትሠራው ወደ ብሪን ላካት። ብሪን ሰው ማስቀየም የምትፈራ ልጅ ናት፤ እምቢ ስትል ራሷን ከላይ ወደ ታች እየነቀነቀች ነው። የጥገና ቅጽ መሞላት አለበት፣ ቅጹ አራት የሥራ ቀን ይፈጃል፣ ዕቃውን አንድ ጋት ወደፊት ለመግፋትም ጓንት ያጠለቁ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፣ ሁለቱም ዛሬ ዕረፍት ላይ ናቸው።

«ይቺን ጣል ማድረግ ብቻ ነው» አለች ሊዮና ሽብልቋን መዳፏ ላይ አድርጋ።

«ከውጭ የገባ እንጨት ነው?»

«ወንበሩ የወጣበት ጣውላ ነው።»

«ግን ከውጭ ገብቷል» አለች ብሪን፣ ራሷን በኀዘን እየነቀነቀች። «ከውጭ የገባ እንጨት ሁሉ መጀመሪያ ማቀዝቀዣ መግባት አለበት። ነፍሳቱ እንዲሞቱ። ሁለት ሳምንት።»

ማቀዝቀዣው የሊዮና ቁስል ነው። ስጦታዎቿ በሙሉ እዚያ ታስረዋል። መቶ ሃያ የልብስ ማጠቢያ የፕላስቲክ ቅርጫት፣ በያንዳንዱ ውስጥ አንድ ፎጣ፣ አንድ ከረጢት ስኳርና በእጇ የጠረበችው የእንጨት ማንኪያ። በእሷ ሰዎች፣ በክዋክዋካዋክ ዘንድ፣ ድግስ ላይ የመጣ ሰው እንግዳ አይባልም፣ ምስክር ነው። ሽማግሌ ተነሥቶ ይህ ቅርጽ የማን እንደሆነ፣ ከማን ለማን እንደተላለፈ ይናገራል፤ የሰማው ሁሉ ስጦታውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ማስታወስ ግዴታው ነው። ስጦታ ያልተሰጠው ግን አላየም፣ አልሰማም፤ ቢጠየቅም የመመለስ ግዴታ የለበትም። ሙዚየሙ ቅርጫቶቹን ከሁለት ሳምንት በፊት አስገቡ ማለት ረስቶ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ተቀበላቸውና ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ውስጥ ከተታቸው። የሚወጡት የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። ምረቃው ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አጎት ሲሪልና ማቪስ ከመንደር ደረሱ። በጀልባ፣ በአውቶቡስ፣ እንደገና በጀልባ ነው የመጡት። አጎት ሲሪል የሊዮና ሴት አያት ወንድም ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ የቤተሰቡ የመብት ሣጥን በእጃቸው ስለሆነ ማን የትኛውን ቅርጽ መቅረጽ እንደሚችል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ማቪስ የሌላይቱ እኅታቸው ልጅ ናት፤ እባቡ የሚገባው ለእናቷ ልጆች ነበር ብላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀብሩና በየሠርጉ ተናግራለች። ጉዞውን የመጣችው ሊዮናን ለማክበር እንዳልሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። በሙዚየሙ ቡና ቤት ተቀመጡ። አንድ ሳህን የዓሣ ሾርባ አሥራ ዘጠኝ ዶላር ነው፤ አጎት ሲሪል ዋጋውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ዓሣው በታክሲ መጥቶ እንደሆነ አስተናጋጇን ጠየቋት። ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ የጢስ ሳልመን አውጥተው በጉልበታቸው ላይ እየቆረሱ አደሏቸው። ከሳልመኑ ጋር የሚበላ የዓሣ ቅባትም ይዘው ነበር፤ ማሰሮው በር ላይ ተወስዷል።

«እሱንም አሰሩት?» አለች ሊዮና።

«ከቅርጫቶችሽ ጋር። አባቴን ያሰሩት ለሁለት ወር ነበር፤ ቅባቴ በሁለት ሳምንት ይወጣል። ሕጉ ተሻሽሏል።»

ማቪስ አልሳቀችም። ጣቶቿን በናፕኪን አንድ በአንድ ጠረገች። «እንግዲህ ስጦታ የለም ማለት ነው።»

«ሐሙስ ይወጣል። በፖስታ እልክላችኋለሁ» አለች ሊዮና።

«በፖስታ!» ማቪስ ወደ አጎት ሲሪል ዞረች። «ሰሙ አይደል አጎቴ? ምስክርነት በፖስታ። እኔ ስጦታ ካልተሰጠኝ አላየሁም። ቤት ገብቼ ምን አየሽ ሲሉኝ ሱቅ ውስጥ ጠረጴዛ አየሁ እላለሁ፤ እባቡንም አንዲት የከተማ አናጢ ከሙዚየም ፎቶ ላይ ሰርቃ ቀረጸችው እላለሁ። ውሸት ይሆናል?»

ማቪስ ክፋት ተናገረች እንጂ ሕጉን አልሳተችም። ሦስቱም ሳልመኑን እያዩ ዝም አሉ፤ እንዲህ ያለው ዝምታ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንዳንዴ ዐሥር ዓመት ይቆያል። ሊዮና ኪሷ ውስጥ ያለችውን ሽብልቅ በአውራ ጣቷ አሻሸች። ያለ ምስክር እባቡ ከተሰረቀ ጌጥ አይለይም፤ መንደር ስትገባ ልጆች ሳይቀሩ ሌባዋ መጣች ይሏታል። መቀመጫውን ለመቅረጽ የፈጀባት ሁለት ክረምት ነው። ማቪስ ዝምታው ሲረዝምባት ተነሥታ የሙዚየሙን ሱቅ ልይ ብላ ሄደች፤ ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል። «እባባችንን የሻይ ኩባያ ላይ አትመውታል! እዚህ ፎቅ ላይ ካስቀመጡት ከአባትዎ መቀመጫ ላይ ፎቶ አንሥተው። ሃያ አራት ዶላር!»

«ገዛሽ?» አሉ አጎት ሲሪል።

«ማን? እኔ? የራሴን እባብ?» አለች፤ ቆይታም፣ ቀስ ብላ፣ «እጀታው ግን ጥሩ ነው» ብላ ጨመረች።

ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ሊዮና ከቡና ቤቱ የስኳር ካርቶን ቆርጣ፣ አጥፋ፣ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ካርቶን እንጨት አይደለም። ራሞን ከእጇ ተቀብሏት፣ አገላብጦ አይቶ፣ ቆሻሻ መጣያ ከተታትና ደብተሩን አወጣ።

በስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ከከተማውና ከደሴቶቹ የመጡ አርባ ያህል ዘመዶች በአንድ ወገን፣ የሙዚየሙ ወዳጆች በሌላ ወገን ቆሙ። የሙዚየሙ ኃላፊ ዶክተር ሜረዲት ንግግር አደረገች። መልካም ሴት ናት፤ ክፉ ብትሆን ለሊዮና ይቀልላት ነበር። የቆሙበት መሬት ከጥንት የየትኛው ነባር ሕዝብ እንደሆነ ተናገረች፣ ሙዚየሙ ለማዳመጥ ዝግጁ እንደሆነ ሦስት ጊዜ አለች። ቀጥሎ አጎት ሲሪል ገመዱን በከዘራቸው ዝቅ አድርገው ተሻገሩና በአለቃው መቀመጫ መካከል ተዘርግተው ተቀመጡ። ራሞን አፉን ከፈተ፣ ሰማንያ አራቱን ዓመት አየ፣ አፉን ዘጋ። አጎት ሲሪል በመንደራቸው ቋንቋ፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ ተናገሩ። እባቡ የአባታቸው እንደነበረ፣ ከአባታቸው ለታላቅ እኅታቸው ለሊዮና አያት፣ ከእሷም ለሊዮና እንደሄደ፣ የመቅረጽ ፈቃዱን የሰጧትም እሳቸው እንደሆኑ። ማቪስ ጣሪያውን እያየች ነበር። አጎት ሲሪል ሲጨርሱ ፊት ለፊት ያለውን አጭር ወንበር በከዘራቸው አመለከቱ።

«አንድ ሰው ጎደለ። ወኪሉ የለም። ከእኛ ሰዎች ለዚህ ሥራ ያመለከተ አልተገኘም።»

ዘመዶቹ ሳቁ። ዶክተር ሜረዲትም ሳቀች፤ ሳቁ ሲያበቃ ግን ዓይኖቿ በርተው ነበር። ገመዱን ራሷ ፈታች።

«ዶክተር፣ እንዳትቀመጪ!» አለች ሊዮና። «ይወዛወዛል። ጫፉም ላይ ነው።»

«ምቾት መንሳቱ እኮ ነው ቁም ነገሩ!» አለች ሜረዲት፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «ሊሰማኝ ይገባል።» ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ጉልበቷ ወጣ፣ አገጯ ጠረጴዛው ላይ ደረሰ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባውን ለመቀበል ወደ ኋላ ዘንበል ስትል ሦስቱ ሚሊ ሜትር ሥራቸውን ሠሩ። የግራው እግር ተንሸራቶ ከመድረኩ ወጣ። ዶክተር ሜረዲት በጀርባዋ ሄደች፤ አንድ ጫማዋ በጠረጴዛው ላይ አልፎ አጎት ሲሪል እግር ሥር ወደቀ።

የሙዚየሙ ወዳጆች «ውይ!» አሉ። አርባዎቹ ዘመዶች ግን ድምፅ አላሰሙም። በድግስ ላይ መውደቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ጨፋሪም ይሁን ሕፃን፣ በምስክር ፊት የወደቀ ሰው ኀፍረቱ ሳይበርድ መታጠብ አለበት፤ የሚታጠበውም በስጦታ ብቻ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ማን ይስጥ?

«ሠሪዋ ናት!» አለች ማቪስ፣ ዓይኗን ከጣሪያው አውርዳ። «ወንበሯ ሰው ጣለ። ሊዮና ትጠበው እንጂ! በምን እንደምታጥበው እናያለን።»

ሊዮና ፊቷ ጋለ። ወንበሩ የእጇ ሥራ ነው፤ ሦስት ሚሊ ሜትሩም የእሷ ነው። «አዎ፣ የሠራሁት…» ብላ ስትጀምር አጎት ሲሪል ከዘራቸውን መድረኩ ላይ አንድ ጊዜ ደቁ።

«ሠሪውን አልጠየቅሁም። ወንበሩ የማን ነው?»

ከበሩ አጠገብ አንድ እጅ እንደ ተማሪ ተነሣ፤ ራሞን ነበር። ደብተሩን ገልጦ አነበበ። «3፡20። ሠሪዋ ወንበሩ ይወዛወዛል አለች። የሙዚየሙ ንብረት ነው ብዬ አራቅኋት። 4፡05። ሽብልቅ ይዛ መጣች። ከመዝገብ ክፍል፣ ዕቃው የሙዚየሙ ስለሆነ መንካት አይቻልም፣ ሽብልቁም ይቀዘቅዛል ተባለ። 7፡40። ካርቶን ይዛ መጣች። ወሰድሁባት።» ገጹን ገለበጠ። «8፡31። እንዳትቀመጪ አለች። ይህን ሁሉም ሰምቷል፤ ግን ጽፌዋለሁ።»

ዶክተር ሜረዲት ተነሥታ፣ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው በካልሲ ቆማ ነበር። ብሪንን አየች፤ ብሪን ራሷን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀች፤ ይኸኛው ግን አዎ ማለት ነበር።

«የእኛ ነው» አለች ሜረዲት። «ወንበሩ የሙዚየሙ ነው። ምን ማድረግ አለብኝ?»

«አይዞሽ፣ የእኔም ልጅ ወድቃ ታውቃለች» አሉ አጎት ሲሪል ጫማዋን በከዘራቸው እየገፉላት። «ባለ ወንበሩ ይሰጣል። ለያንዳንዱ ላየሽ ሰው። አሁን።»

«የሊዮናን ቅርጫቶች ከማቀዝቀዣው…»

«እስከ ሐሙስ አይወጡም» አለች ብሪን ሳታስበው፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ደግሞ የሊዮና ነው እንጂ የአንቺ አይደለም» አሉ አጎት ሲሪል። «ያለሽን ነው የምትሰጪው።»

ያለኝ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በዶክተር ሜረዲት ፊት ላይ ሲዞር ይታይ ነበር፤ በዙሪያዋ ካለው ውስጥ ያለ ጓንት የሚነሣ ምንም የለም። ማቪስ ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው ተዛወረች። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። በመጨረሻ፣ ማንንም ሳታይ፣ «ሱቁ ውስጥ ኩባያ አለ» አለች።

ኩባያዎቹ በአራት ጋሪ መጡ፤ መቶ አርባ ስምንት፣ ከነሣጥናቸው። በሁሉም ላይ ያው ባለ ሁለት ራስ እባብ፣ ፎቅ ላይ በመስታወት ውስጥ ካለው ከአጎት ሲሪል አባት መቀመጫ የተወሰደ፤ ግርጌያቸው ላይ ደግሞ «ቻይና የተሠራ» ይላል። ዶክተር ሜረዲት እያነከሰች በእጇ አደለች፤ ሊዮናም ማን ከማን ቀድሞ እንደሚሰጠው በጆሮዋ እየነገረች ከጎኗ ሄደች። መጀመሪያ አጎት ሲሪል። ሁለተኛዋ ማቪስ ነበረች።

ማቪስ የተዘረጋውን ኩባያ አየችው። እጇን ካነሣች አይታለች፤ ካየች የአጎት ሲሪልን ቃል ሰምታለች፤ ከሰማች እባቡ የሊዮና ነው፣ መንደርም ገብታ ይህንኑ መናገር አለባት። ይህን እሷም፣ ሊዮናም፣ ከኋላ የቆሙት አርባዎቹም ያውቁታል፤ ዶክተር ሜረዲት ብቻ አታውቅም፤ እጇ መዛል ጀምሯል። አጎት ሲሪል ጠበቁ፣ ከዚያ ጮክ ብለው ለሁሉም ተናገሩ። «እንጨቱ የእነሱ ነው። እባቡ የሊዮና ነው።»

«ሁለት» አለች ማቪስ።

«ይቅርታ?» አለች ሜረዲት።

«የአለቃ የልጅ ልጅ ነኝ። አንድ ኩባያ አልቀበልም። ሁለት ስጪኝ፤ ሣጥኑ ያልተጨማደደ ይሁን።»

ሊዮና ከጋሪው መርጣ ሁለት ሰጠቻት። ማቪስ ሁለቱን በብብቷ ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀመጫውን ትክ ብላ አየች፣ ጠጋ ብላም የእባቡን የግራ ራስ መረመረች። «ምላሱ ረዝሟል» አለች።

«እንዳንቺ» አሉ አጎት ሲሪል።

ሁሉም ከወጣ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሊዮናና ራሞን ቀሩ። ወንበሩ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ አንድ ጋት ወደፊት ተጠግቷል፣ ያለ ጓንት ነው ያስጠጉት። ግራ እግሩ ግን አሁንም ከመድረኩ ተነሥቷል። ቅጹ አራት ቀን ይፈጃል። ራሞን ኩባያውን ከሣጥኑ አውጥቶ በአንድ እጁ ይዞ ነበር፤ እንደ ሌላው ተሰጥቶታልና ምስክር ነው። የሊዮናን እጅ ኪሷ ውስጥ አየው። ኩባያውን እንደያዘ በቀስታ ዞረና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ መመሪያ ማንበብ ጀመረ።

ሊዮና ተንበረከከች፣ ሽብልቋን ከእግሩ ሥር አስገባች፣ በጣቷ ገፋ አድርጋ አጠበቀቻት፤ ከዚያ መዳፏን መቀመጫው ላይ አድርጋ ወደ አራቱም ማእዘን ተጫነች። ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ራሞን፣ ይኸንንም ትጽፈዋለህ?»

«ለዚህኛው ስጦታ አልተሰጠኝም» አለ ራሞን ከመመሪያው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። «አላየሁም።»